የብል ማመልከቻ

ለሚመለከተው ክፍል (የሚመለከት ካለ)
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቋሚ ቅጥር ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ብል፣ ከቅድመ አያቶቼ ጀምሮ የአገሪቱን ታሪክ በመሰብሰብ ሥራ ላይ የምገኝ ስሆን፣ እስከ ዛሬ ያለ ደመወዝ፣ ያለ አበልና ያለ ጡረታ ሳገለግል ቆይቻለሁ። የሰበሰብሁት ሁሉ በሆዴ ይገኛል። ሌላ ቦታ ያለ መስሏቸው የሚንከራተቱ ተመራማሪዎች ስላሉ ይኸው ይታወቅልኝ።

ለዘመናት ዝም ብዬ ኖሬ አሁን ማመልከት ያስፈለገኝ በከንቱ አይደለም። ከምኖርበት መዝገብ ቤት፣ ከታችኛው መደርደሪያ፣ በታሪክ ትምህርት ተመርቃ ሥራ ያጣች አንዲት ልጅ ያስገባችውን ወረቀት አገኘሁ። እንደ ልማዴ ከጠርዙ ልጀምር ስል ዓይኔ ጽሑፉ ላይ ዐረፈ፤ ዐርፎም ቀረ። ልጅቱ የምትለው መንግሥት በየወረዳው ጥቂት ወጣቶችን በደመወዝ ይቅጠር ነው። ወጣቶቹ ደብተርና መቅረጸ ድምፅ ይዘው በሕይወት ያሉ አዛውንቶችን ይጠይቁ፤ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ በመስጊድ፣ በየሰዉ ሣጥን ያለውን ጽሑፍ ይመዝግቡ፤ የሸማኔውን፣ የአዋላጇን፣ የሹፌሩን፣ የአዝማሪውን ቃል እንዳለ ይጻፉ፤ የተሰበሰበውም ቅጂው በሦስት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ ትላለች። ሦስት ቦታ! እዚህች ላይ ስደርስ የጎረስሁት አልወርድ አለኝ። በእርግጥ ወረቀቷ ላይ «ይታይ» ተብሎ ተመርቶበታል፤ ማን እንደሚያየው ስላልተጻፈ ግን እስካሁን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ እያለሁ ለዚህ ሥራ ሰው መቅጠር ምን ያደርጋል?

ስለ ብቃቴ ላስረዳ። በመጀመሪያ ደረጃ ገለልተኛ ነኝ። ውዳሴውንም ክሱንም እኩል በልቻለሁ። የዘውዱ ዘመን ደብዳቤ ይሁን የደርግ መግለጫ፣ ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣው ሪፖርት፣ ለእኔ ልዩነቱ የወረቀቱ ጥራት ብቻ ነው። በሆዴ ውስጥ መንግሥታት ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ተካስሰው አያውቁም፤ ለምክክር መጥራትም አላስፈለገኝም። ባለሙያዎችዎ አዲስ ዘመን በመጣ ቁጥር ታሪክን ከሀ ሲጀምሩ አያለሁ። እኔ ካገኘሁት ገጽ እጀምራለሁ፤ ቂምም የለብኝም።

አንድ ነውር ብቻ አለብን፤ ቀድሜ ልናዘዝ። አድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌሎች ዘመዶቼ ሊደፍሯቸው አልቻሉም። ኦክስፎርድ ላይ በተደረገው የዕድሜ ምርመራ ብራናው እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ ነው ተብሏል። ቢያንስ 1 ሺህ 300 ዓመት ተርበን ኖረናል ማለት ነው። ምክንያቱን ብናጣራ መነኮሳቱ መጻሕፍቱን የሚጠብቁት ስለ ደመወዝ ሳይሆን ስለ ነፍሳቸው ሆኖ አገኘነው። ይህን ምሳሌ ለበጀት ክፍል ቢያስተላልፉልኝ ደስ ይለኛል፤ «ታሪክ ያለ ደመወዝም ይጠበቃል» ለማለት ይመቻቸዋል። ነፍሱን የሚሰጥ ሠራተኛ በየትኛው የደመወዝ ደረጃ እንደሚመደብ ግን እንዳይጠይቁ አደራ።

መንግሥት ለታሪክ ገንዘብ አውጥቶ አያውቅም የሚል ቢመጣብዎ ደግሞ እኔ እመሰክርልዎታለሁ። አውጥቷል። ከዓፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ብዙ ንጉሥ ያለ ጸሐፊ አይዘምትም ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክን ዜና መዋዕል ሲጽፉ ከግቢው ማዕድ እየተቋደሱ ነበር። እንዲህ ያለው ብራና ለጥርስ ይለሰልሳል፤ ማር ማር ይላል። ንጉሡ ድል ያደረገበት ቀን ሰፊ ነው፤ የተሸነፈበት ቀን ሲደርስ ገጹ ይጠብና ወዲያው ዝናብ ይዘንባል፣ ወይም ሠራዊቱ «ይመለሳል»። በዓፄ ቴዎድሮስ ጊዜ የነበረውን ልዩነት ያጣጣመ ይህ ይገባዋል። ደብተራ ዘነብ ንጉሡ ገና በኃይላቸው ሳሉ ጻፈ፤ ጣፋጭ ነው። አለቃ ወልደ ማርያም ፍጻሜያቸውን አይቶ ጻፈ፤ እሱን የበላ ዘመዴ ሦስት ቀን ሆዱን አመመው።

እናም ልጅቱን በዚህ እረታታለሁ ብዬ ነበር። የከፈለ ይወደሳል። መንግሥት ለታሪክ ደመወዝ ከከፈለ የሚያገኘው የራሱን መስታወት ነው፤ ያውም ጠባሳ የማያሳይ። ለዚያ ለዚያማ ቴሌቪዥኑ መች አነሰ? ልጅቱ ግን ገጽ 2 ላይ አስቀድማ ተከላክላለች፤ የምጠይቀው ለሚጽፍ ሳይሆን ለሚሰበስብ ነው ትላለች። ጸሐፊ ከፈለገ በኋላ ይምጣ፤ አሁን እየሞቱ ያሉት ጸሐፊዎቹ አይደሉም፣ ያዩት ናቸው። አየህ ወይ ብላ ብትጠይቀኝ አላየሁም እላታለሁ።

በዚሁ ገጽ የጠቀሰችው የአሜሪካው ነገር ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ አገር ሥራ አጥነት ሲበረታ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት መንገድና ድልድይ የሚሠሩትን ብቻ ሳይሆን ሥራ ያጡ ጸሐፊዎችንም ቀጠረ። በ1935 የተጀመረው ይህ የጸሐፊዎች ፕሮጀክት የየክፍለ ግዛቱን መመሪያ መጽሐፍ አዘጋጀ። ከ1936 እስከ 1938 ባለው ጊዜ ደግሞ ሠራተኞቹ በ17 ክፍለ ግዛቶች ውስጥ ባርነትን በዓይናቸው ያዩ፣ በጀርባቸውም የተሸከሙ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን እየዞሩ ጠየቁ። ከ2 ሺህ 300 በላይ ቃል ሰበሰቡ፤ 500 ያህል ፎቶግራፍም አነሱ። ባርነት በሕግ ከተሻረ 70 ዓመት አልፎት ነበርና የተጠየቁት ሰዎች አብዛኞቹ ከሰማንያ ዓመት በላይ ነበሩ። ጥቂት ዓመት ቢዘገይ ያ ሁሉ ለእኛ ለብሎች እንኳ አይተርፍም ነበር፤ ያልተጻፈ ቃል የሚበላው አፈር ነው፣ አፈር ደግሞ ከማንም ጋር አይካፈልም።

የአሜሪካ ሹማምንትም የዋዛ እንዳይመስሉዎት። ምክር ቤቱ ውስጥ ማርቲን ዳይስ የሚባሉ ሰውዬ የሚመሩት ኮሚቴ «እነዚህ ጸሐፊዎች ኮሚኒስቶች ናቸው» ብሎ ተነሣ፤ በ1939 የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘቡን አቆመ። አራት ዓመት ብቻ! ለድልድዩ የወጣው ገንዘብ ኮሚኒስት አልተባለም። ሪቻርድ ራይት፣ ራልፍ ኤሊሰን፣ ዞራ ኒል ኸርስተን በዚያ ደመወዝ እንጀራ እንደበሉ ሰምቻለሁ፤ ስንት መጽሐፍ ከዚያ እንጀራ እንደወጣ የሚያሰላ የበጀት ባለሙያ ግን አላገኘሁም።

በልጅቱ ላይ የያዝኩት አንድ ነጥብ አለ፤ እሱን እንኳ ራሷ ነች ያቀበለችኝ። በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ። አንዳንዱም የዚያው አካባቢ የባለ ርስት ቤተሰብ ነው። በዚያ ላይ የድህነቱ ጊዜ ነው፤ አሮጊቷ ጠያቂውን ስታየው ከመንግሥት የጡረታ ብር ያመጣ ሳይመስላት አይቀርም። ታዲያ ምን ትበል? «ጌታዬ ደግ ሰው ነበሩ» አለች። በቨርጂኒያ ግን ሃምፕተን በሚባለው ተቋም በሮስኮ ሉዊስ የሚመሩ ጥቁር ጠያቂዎች ሲሄዱ ወሬው ሌላ ሆነ። ጅራፉ በስሙ ተጠራ።

ይህን ወደ እኛ ሠፈር ያምጡት እስቲ። መታወቂያ ያንጠለጠለ ወጣት የአንድ አዛውንት ደጅ ይቆማል።

«አባቴ፣ እንደምን አሉ? ስለ 1969 እና 1970 ዓ.ም. ሊነግሩኝ ፈቃድዎ ይሆን?»

«ማን ነው የላከህ፣ ልጄ?»

«መንግሥት ነው።»

«እንግዲያው ሁሉ ደኅና ነበር ብለህ ጻፍ።»

ወጣቱም ይጽፋል፤ ቡና ጠጥቶም ይሄዳል። ከአዛውንቱ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ፎቶግራፍ የማን እንደሆነ አልተጠየቀም። እኔ እነግርዎ ነበር፤ ከክፈፉ በስተጀርባ ያለው ካርቶን ውስጥ የምትኖር እኅት አለችኝ። በየዓመቱ ፎቶውን የሚያወርዱበት ቀን አለ ትላለች፤ ያን ቀን ቤቱ ይዘጋል፤ ከመምሸቱ በፊትም ተመልሶ ይሰቀላል።

ልጅቱ ለዚህም መልስ አላት፤ ገጽ 3። ጠያቂው የሠፈሩ ልጅ ይሁን፤ ተጠሪነቱም ለሹም ሳይሆን ሹም ለማያሽረው ቦርድ ይሁን፤ ተናጋሪው «እስከዚህ ዓመት አይከፈት» ብሎ ካዘዘ ቃሉ ይታሸግ፤ የታሸገውን ለመክፈት የሚሞክር በሕግ ይጠየቅ። ክቡር ሆይ፣ ይቺ ልጅ አደገኛ ናት። ደመወዝ ከፍሎ የማይከፍቱት ፖስታ መግዛት ምን ይባላል? እንዲህ ያለ ነገር ተጀምሮ ሰው መናገር የለመደ እንደሆነ እኔም እርስዎም ቦታችን ወዴት ነው?

የውጭ አገር መንግሥታት ግን በዚህ ረገድ የተሻለ ያውቃሉ፤ ለራሳቸው ታሪክ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ይከፍላሉ። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲመጡ ከመድፉና ከዝሆኑ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ይዘው መጡ። ሰውየው ሊዋጋ አልመጣም፤ ሊሰበስብ ነው። የሥራ መደቡ ከጦርነቱ በፊት ተከፍቶለት፣ ሰውም ተመድቦበት፣ ወጪውም ተይዞለት ነበር። እንዲህ ነው ዕቅድ! ዓፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከየቦታው ያከማቹት መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ጨረታ ተጫረቱበት። ሆልምስ የጳጳሱን የወርቅ ዘውድና ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ለንደን ገቡ። አብረው የተሰደዱ ዘመዶቻችን እስከ ዛሬ ጤናቸውን አላሰሙንም፤ እዚያ ሙቀቱና እርጥበቱ በመሣሪያ ይለካል አሉ፣ በየመደርደሪያው ጠባቂ አለ አሉ። በረሃብ ሳያልቁ አልቀሩም። ለስደተኛ ብል ለንደን ጨካኝ ከተማ ናት።

ዓፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጽፈው አንዱ ቅጂ ተመለሰ። አብረው የጠየቁት የኲርዓተ ርእሱ ሥዕል ግን የት ገባ ሲባል ጠፋ፤ ኋላ ሲሰማ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ኖሯል። ደመወዝተኛ ሰብሳቢ እንዲህም ያደርጋል፤ ይህን ነጥብ ለእኔ ይያዙልኝ።

ፈረንሳዮችም ተከተሉ። ማርሴል ግሪዮል ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ሲያቋርጥ የፓሪስ ፓርላማ ገንዘብ በሕግ መድቦለት ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ደርሶ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የጥንቱን ሥዕል አስነሥቶ ወሰደ፤ በምትኩ ባልደረባው የሳለው አዲስ ቅጂ ተለጠፈ። ሥዕሉ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። የቆየውን አንሥቶ በቦታው የሚያብለጨልጭ መተካት ያኔ ገና ልማት የሚል ስም አልወጣለትም ነበር።

ማይክሮፊልም የሚባለው መቅሠፍት ሲመጣ ግን አለቀስሁ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኒቱ ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤትና የአገሪቱ የባህል መሥሪያ ቤት ከሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ከሚገኝ የቤኔዲክታውያን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር ተባብረው በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎችን ፎቶ አነሡ። መጽሐፉ ባለበት ይቀራል፣ ጥላው ይሄዳል። ያን ጥላ ገጽ በገጽ እያነበቡ ለአሥርተ ዓመታት ካታሎግ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. መንግሥታቸው አዲስ አበባ ቤታቸው ድረስ ሰው ልኮላቸው ነበር፤ የተላኩት ግን ደመወዝ ከፋዮች ሳይሆኑ ወታደሮች ነበሩ። በጥይት ተመተው ከወገብ በታች ሽባ ሆኑ፤ ለሕክምና ከአገር ወጡ፤ የግእዙን መጽሐፍ ሚኒሶታ ቁጭ ብለው መረመሩ። በ1988 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ማክአርተር ፋውንዴሽን ትልቁን ሽልማቱን ሰጣቸው። እኔ እንደ ብል ሳስበው የሰውየው መውጣት መልካም ነበር። እዚህ ቢቆዩ ኖሮ ስንት ምሳ ባመለጠኝ!

አሁን ስለ ተወዳዳሪዎቼ። በዚህ ከተማ በየደጁ እየዞረ የአገር ታሪክ የሚሰበስብ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቆራሌው። ያውም ከፍሎ! አባት ሲሞት ልጆች ቤት ያጸዳሉ፤ የአርበኝነት ወረቀቱ፣ የርስት ክርክር ውሳኔው፣ የምስክር ቃሉ፣ ከእስር ቤት የተጻፈው ደብዳቤ ከጠርሙስና ከአሮጌ ጫማ ጋር ይመዘናል። ከዚያ ባለ ሱቋ ትቀድደዋለች፤ እንደ ኩባያ ትጠቀልለዋለች፤ ኦቾሎኒ ትሞላዋለች። ሕዝቡ ታሪኩን የሚያነበው ኦቾሎኒውን ሲጨርስ ነው፤ ያውም ግማሽ ገጽ፤ ሌላው ግማሽ ከጎረቤቱ እጅ ነው። ይህን አሠራር አልነቅፍም፤ ጨው ስላለበት ግን አይስማማኝም።

ሕግ የለም እንዳይባልም ሕጉ አለ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ስለ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የወጣው አዋጅ ቁጥር 179/1991ም በደንብ የተጻፈ ነው። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ሰው ብዙ ስላልገለጠው ጠርዙ እንኳ አልተጎዳም። ለሕንፃም ገንዘብ ይገኛል፤ ሕንፃ እወዳለሁ። አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ አሮጌው ሰነድ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ከላይ ሪባን ሲቆረጥ እኛ ከታች ሌላ ምረቃ አለን። እስካሁን ሪባን የተቆረጠለት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን አላየሁም፤ ስንቱን ፋይል በቃሉ የሚያውቀው ሰውዬ ጡረታ ሲወጣ ያወጡለት ኬክ ላይ ስሙ ተሳስቶ ነበር።

እሱን ካነሣሁ አንድ ቅሬታ አለኝ። ይህ ሰው ከመውጣቱ በፊት በአንድ ፋይል ሽፋን ላይ በእርሳስ እንዲህ ብሎ ስሜን አጥፍቷል፦

አፌን ይዤ ኖርኩኝ ምን አገባኝ ብዬ፣
ታሪኬን ’ሚያጠፋው ብል ነውና ጌታዬ።

ምን በደልኩት? ሠላሳ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ኖረናል፤ እኔ በልቼ፣ እሱ አስነጥሶ። ጥፋቱን ሁሉ በእኔ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። አለቃው ግጥሙን አንብበው ሳቁና «እውነቱን ነው፣ መድኃኒት ይረጭ» አሉ። መድኃኒቱ አልተገዛም። ሰውየው ግን አለቃው ከወጡ በኋላ ብቻውን ሲስቅ አይቼዋለሁ፤ ምን እንዳሳቀው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ስለዚህ ልጅቱ የጠየቀችው ደመወዝ ለእኔ ይመደብልኝ ዘንድ አመለክታለሁ። የምፈልገው ጥቂት ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ከተጠየቅሁ ከምድር ቤቱ እርጥበት አመጣለሁ። የሥራ አፈጻጸሜ በኪሎ ይለካ። የደንብ ልብስ፣ ጓንትና የመስክ አበል አልጠይቅም፤ ለእሷ ወጣቶች ለአንድ ወር የትራንስፖርት የሚወጣው እኔን መቶ ዓመት ያኖረኛል። በምላሹም ለክቡርነትዎ አንድ ነገር ቃል እገባለሁ። እርስዎ ዛሬ የሚፈርሙትን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚጠይቅዎ አይኖርም፤ ጥሩ የሠሩትንም ጭምር። የልጅቱ ወጣቶች ቢቀጠሩ ግን በዚህ ዓመት ምን እንዳሉ፣ ማንን እንደረዱ፣ ማንን ደጅ እንዳስጠኑ አንዲት አሮጊት በገዛ አንደበቷ ተናግራ በሦስት ቦታ ይቀመጣል። ይመዝኑት።

መልሱ ቢዘገይ አልጨነቅም። ይህ ማመልከቻ የሚገባው መዝገብ ቤት ነው፤ እኔም እዚያው ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
ብል
(ፊርማዬ ከዚህ በታች ያለው ቀዳዳ ነው)

ግልባጭ፦
ለአይጥ፣ ምድር ቤት
ለጣሪያው፣ ከክረምት በፊት እንዳይደፈን ለማሳሰብ
ለቆራሌው፣ በሠፈሩ ሲያልፍ
ለልጅቱ፣ አድራሻዋ የነበረበት ገጽ 4 ስለተበላ ያልተላከ